ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ነው

የአሜሪካ እግር ኳስ የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ሱፐር ቦውል በእኛ ሰዓት የሚጀምረው ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ወንበር የሚያጣው የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ኳስ ወዳጅ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው። ነቅቶ ቢያይም ዓይኑ የሚሄደው ኳስ ወርዋሪውንና ይዞ የሚሮጠውን ተከትሎ ነው። ከወርዋሪው ፊት የሚጋደሉትን 5 ግዙፍ ሰዎች አሜሪካኖቹ ራሳቸውም ልብ አይሏቸውም። ይህ ዳሰሳ ስለ እነሱ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራቸው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ኳስ ከያዘው ቡድን 11 ተጫዋቾች 5ቱ የማጥቃት መስመር ይባላሉ፤ መሐል ላይ ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች። ሴንተሩ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ አሳልፎ ለወርዋሪው፣ ማለትም ለኳርተርባኩ ይሰጣል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የአምስቱም ተግባር ተቃራኒው ወርዋሪው ዘንድ እንዳይደርስ ማገድ፣ ለሯጩም መንገድ መክፈት ነው። ቀድሞ ለዳኛ ካልተነገረ በስተቀር ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዳይቀበሉ ሕጉ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ ነጥብ የሚያስቆጥሩት ከስንት አንዴ ነው፤ በስታቲስቲክስ ሠንጠረዥም ቦታ የላቸውም። ሲሳሳቱ ግን ማንም አይስታቸውም። የተቃራኒውን ማሊያ ከጨበጡ ዳኛው ቁጥራቸውን በድምፅ ማጉያ ለስታዲየሙ ሁሉ ያሰማል፤ ቡድኑም 9 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ የሚሰለፍ የእኛው እግር ኳስ ተከላካይ ይህን ስሜት ሳያውቀው አይቀርም፤ 89 ደቂቃ ዘግቶ በአንዷ ስሕተት ይወገዛል። እሱ እንኳ የማዕዘን ምት ሲመታ ወጥቶ በጭንቅላቱ ማግባት ይችላል።

አካላቸው ለብቻው ጉድ ነው። ቁመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ከ90 ይበልጣል፤ ክብደታቸው 140 ኪሎ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሩጫ ዘመኑ 56 ኪሎ ገደማ ነበር፤ አንዱ የመስመር ተጫዋች ሁለት ኃይሌ ተኩል መሆኑ ነው። እንዲህም ሆኖ ለፈተና ሲቀርብ 36 ሜትር ከግማሽ በ5 ሰከንድ አካባቢ ይሮጣል። ያን ክብደት ጠብቆ መቆየት ራሱ ሥራ ነው፤ ሳይራቡ መብላት ይጠይቃል።

መንገዱ የሚጀምረው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተጫዋቹ ከዚያ ከወጣ በኋላ 3 ዓመት ካልሞላው ወደ አሜሪካው የፕሮፌሽናሎች ሊግ አይገባም፤ እነዚህን ዓመታት በኮሌጅ ቡድን ያሳልፋል። ከዚያ 32ቱ ክለቦች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በ7 ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። አንድ ክለብ የሚይዘው 53 ተጫዋች ነው፤ የተረፈው ለልምምድ ቡድን ይቀጠራል ወይም ይሰናበታል።

በሌላ በር የገቡም አሉ። ሲድኒ ውስጥ ራግቢ ይጫወት የነበረው ጆርዳን ማይላታ በሕይወቱ አንድም የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሳያደርግ በ2018 በፊላደልፊያ ኢግልስ በመጨረሻው ዙር ተመረጠ። ዛሬ የሱፐር ቦውል ባለድል ነው። ስሙ ብቻ ወደ እኛ የሚያስጠጋው ምኒልክ ዋትሰን ደግሞ የማንቸስተር ልጅ፣ እንግሊዛዊ ነው። አሜሪካ የሄደው ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነበር፤ ወደዚህኛው ጨዋታ የዞረው ዘግይቶ ነው። በኮሌጅ ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ በ2013 ኦክላንድ ሬደርስ በ2ኛው ዙር፣ በ42ኛ ተራ ወሰደው። በ2015 የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ፤ በ2017 ወደ ዴንቨር ተዛወረ፤ በ2018 ተሰናበተ። አጠረ ብሎ ማዘን ይቻላል፤ ግን የሊጉ ተጫዋቾች ማኅበር የሚጠቅሰው አማካይ የጨዋታ ዘመን 3 ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

ለመስመር ተጫዋቾች ትልቁ ገንዘብ የመጣው በሌላ ሰው እግር ስብራት ነው ማለት ይቻላል። ኅዳር 1985 የኒውዮርኩ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ተሰበረ፤ የታይዝማን የጨዋታ ዘመንም በዚያው ምሽት አበቃ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ወርዋሪ በግራ ጎኑ የሚመጣበትን አያይም። ያንን ጎን የሚጠብቀው የግራ ታክል ዋጋ ከዚያ ዘመን ወዲህ እየናረ ሄደ። በ2024 የታምፓ ቤዩ ትሪስታን ዊርፍስ ለ5 ዓመት ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረመ። በዚያው ዓመት ለጀማሪ የተቀመጠው ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 795 ሺህ ዶላር ነበር።

ለእኔ የዚህ ሙያ ቁንጮ ጆ ቶማስ ነው። ክሊቭላንድ ብራውንስ በ2007 መረጠው፤ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ክንዱ በ2017 እስኪጎዳ ድረስ ለ10,363 ተከታታይ የማጥቃት ሙከራዎች ከሜዳ አልወጣም። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፍ ነበር፤ አንድም ጊዜ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አልተጫወተም። ሆኖም በ2023 በዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ጨዋታ ካቆመ በኋላ ደግሞ ከ20 ኪሎ በላይ ቀነሰ።

የሴንተሩ የማይክ ዌብስተር ታሪክ ግን ይከብዳል። 17 ዓመት ተጫውቶ ከፒትስበርግ ጋር 4 ሱፐር ቦውል በላ፤ በኋላ አእምሮው ተናግቶ፣ ቤት አልባ ሆኖ መኪናው ውስጥ እስከ ማደር ደረሰ። በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ግጭት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት አግኝቶ በ2005 አሳተመ፤ ሊጉ ለዓመታት ሲያስተባብል ቆየ። በ2017 የቦስተን ተመራማሪዎች በስጦታ ከተሰጧቸው የ111 ሟች የሊጉ ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ ይኸው ምልክት እንዳለ ገለጹ። ናሙናው ጉዳቱ የተጠረጠረባቸው ሰዎች የበዙበት ስለሆነ ለሁሉም ተጫዋች መለኪያ አይሆንም። የባልቲሞሩ ጋርድ ጆን ኧርሸል ግን ጥናቱ በወጣ በ2 ቀን በ26 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ፤ የሒሳብ ዶክትሬቱን ጨርሶ ዛሬ መምህር ነው። ልክ አድርጓል ባይ ነኝ።

ሊጉ ፊቱን ወደ አፍሪካ አዙሯል፤ በ2022 ጋና፣ በ2023 ናይሮቢ ላይ የምልመላ ካምፕ ከፍቷል። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የሚገባው ግን ፍላግ ፉትቦል ነው፤ 5 ለ5 የሚጫወቱት፣ በመጣል ፋንታ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ የሚነጠቅበት። ፍጥነት ላለው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ወጣት የሚቀርበው ይህ ነው፤ ራስ ቁርም 140 ኪሎም አይጠይቅም። ግጭት ክልክል ስለሆነ የመስመር ተጫዋች የሚባል ቦታ የለውም።