ቀለሙን ሳይሆን ብየዳውን እዩ!

ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ መንገድ ላይ ያለችውን ደራን የሚያውቅ ፀሐይዋንና አቧራዋን ያውቃል። እዚያ አንዲት ሙሽራ የእንጨት በርና መስኮቷን በብረት አስለወጠች። ቀለሙ ሲያብረቀርቅ ጊዜ ባል ሆዬ ሒሳቡን ጨርሶ ከፈለ። በሳምንቱ በሩ በትከሻ ካልተገፋ አልዘጋ አለ፤ አቧራውም በመስኮቱ እየገባ አልጋ ላይ መተኛት ጀመረ! ጠቡ አሁን የባልና ሚስት ሆኗል። በያጁ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ሄደ። ውሸት! 2 ሜትር ብረት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት የሚለጠጠው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ወዳጆቼ፣ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ሲባጎ ያዙ። ፍሬሙን ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ለኩ፤ ሌሎቹን ሁለት ጥጎችም እንዲሁ። እኩል ካልመጣ ፍሬሙ ጠማማ ነው፤ ማጠፊያ ቢቀየርለትም አይድንም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ልቀቁት። በራሱ ከሄደ ቱምቢ አላየም ማለት ነው። ብየዳውን በጣት ዳስሱ፤ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ተደርጎ መሀሉ ክፍት ከሆነ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ድፉ፤ ወደ ቤት ከፈሰሰ ክረምቱን አስቡት!

ጸረ ዝገቱ ግን ከላይ ከተቀባ በኋላ አይታይም። ስለዚህ ዋናው ቀለም ሳይነካው ወርክሾፕ ድረስ ሄዳችሁ እዩት (በያጁ ፊቱን ቢያጠቁርም)። ክፍያውንም ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ቀብድ፣ ሲገጠም፣ የቀረውን ደግሞ ውሃው ከተደፋ በኋላ።