የኮን ሕፃን አሳዳጊው ማን ነው?



በኮንና በላስታ ደጋ እናት አባቱን ያጣ፣ እግሩም ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ሲገጥመን፣ «ወደ ውጭ አገር ቢወስዱት አይሻለውምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በሚገባ መመለስ ይኖርብናል።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ብዙዎቹ ፍቅር ያለበት ቤት አገኙ። ይሁን እንጂ ወላጅ እያላቸው የሙት ልጅ ተብለው የተላኩም ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. አንዲት ልጅ በዚያው አገር በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ዜጎች ጉዲፈቻን አስቀረ። እንግዲህ «እኔ አስልክላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ አትመኑት።

የአገር ውስጡ በር ግን ክፍት ነው። አባቶቻችን ጣታቸውን በማር ነክረው በማጥባት የሰውን ልጅ የጡት ልጅ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ጉዲፈቻ የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አሳዳጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ልጁም ከአብራክ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ይወርሳልም።

ስለ እግሩስ? ቆልማማ እግር እርግማን አይደለም፤ ይድናል። ሕክምናው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ሐኪሙ እግሩን በእጁ ቀስ እያለ እያቃና በየሳምንቱ ጄሶ ይለውጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። ብዙዎቹ ሕፃናት በተረከዝ ጅማት ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ከዚያ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ለሦስት ወር ያህል ቀንና ሌሊት፣ በኋላም እስከ አራት ዓመት ዕድሜው ድረስ በመኝታ ሰዓት ያደርጋል። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ልጆችን ያክማል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለዚህ ሕፃን የጎደለው ፓስፖርት አይደለም። በየሳምንቱ አዝሎ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው፣ ማታ ማታም ጫማውን የሚያጠልቅለት ሰው ነው። አያት ወይም አክስት ካለችው፣ እርሷን በመሳፈሪያና በቀለብ መደገፍ ልጁን ከዘመዶቹ ሳይለይ ያድነዋል። ከቶ ዘመድ ከሌለው፣ ከማኅበራችን መካከል የሚቀበለው ቤት ይገኝ ይሆን?

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፤ አስቀድማችሁ ዘመድ ፈልጉ፤ ቀጥሎም የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አማክሩ። ምእመናንም ቤታችሁን መርምሩ።