ኤንሪኮ ፌርሚ

ኤንሪኮ ፌርሚ (ሴፕቴምበር 29 ቀን 1901 – ኖቬምበር 28 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.) በሮም ተወልዶ በቺካጎ የሞተ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1942 የመጀመሪያውን የኑክሌር ማብላያ በማስጀመሩ ነው። ለቅንጣት ፊዚክስ ግን ሁለት ነገር ትቷል፦ ዛሬ «ደካማው ኃይል» የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሒሳብ የገለጸ ንድፈ ሐሳብ፣ እንዲሁም ያንኑ ሥራ የቀጠሉ ተማሪዎች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጠፋው ኢነርጂ

አንዳንድ አቶሞች ከኑክሊየሳቸው ኤሌክትሮን ያስወጣሉ፤ ይህ የቤታ ጨረር ይባላል። ኑክሊየሱ ከኤሌክትሮኑ በቀር ሌላ ነገር ካላስወጣ፣ ኤሌክትሮኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኢነርጂ ይዞ መውጣት ነበረበት። ሲለካ ግን አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይዞ ይገኛል። ቀሪው የት ገባ? በ1930 ቮልፍጋንግ ፓውሊ የማይታይ ቅንጣት ይዞት ይሄዳል ብሎ ገመተ። ያ ቅንጣት በኋላ ኒውትሪኖ ተባለ፤ ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን «ትንሿ ገለልተኛ» እንደ ማለት ነው።

ፌርሚ ይህን ግምት በ1933 መጨረሻ ወደ ስሌት ለወጠው። አምፖል ከመብራቱ በፊት ብርሃኑ በውስጡ ተከማችቶ እንደማይቆይ ሁሉ፣ ኤሌክትሮኑና ኒውትሪኖውም በኑክሊየሱ ውስጥ አልነበሩም፤ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲለወጥ በዚያው ቅጽበት ይፈጠራሉ። «ኔቸር» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ጽሑፉን አልቀበልም ስላለ በጣልያንኛና በጀርመንኛ ታተመ።

«ጳጳሱ» በሮም

ፌርሚ በሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነው በ1926 ነው። በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች፣ ከእነርሱም ኤሚልዮ ሰግሬና ኤዶዋርዶ አማልዲ፣ አይሳሳትም በማለት «ጳጳሱ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ተሳስቷል ግን። በ1934 ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመታ አዲስ ንጥረ ነገሮች ያገኘ መሰለው። ኢዳ ኖዳክ የተባለች ጀርመናዊት ኬሚስት ኑክሊየሱ ተሰነጣጥቆ ሊሆን እንደሚችል ብትጽፍም የሰማት አልነበረም። ፌርሚ በዲሴምበር 1938 የኖቤል ሽልማት በተቀበለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ነገሩ በእርግጥ የዩራኒየም መሰንጠቅ እንደ ነበር ከጀርመን ተሰማ። ባለቤቱ ላውራ ከአይሁድ ቤተሰብ ስለ ነበረች፣ የሙሶሊኒን የዘር ሕግ ሸሽተው ከሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በቀጥታ ወደ አሜሪካ አቀኑ።

በቺካጎ

ከጦርነቱ በኋላ ፌርሚ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ጥቂት ተማሪዎች ምሽት ላይ ቢሮው ይሰበሰባሉ። አንዱ ርዕስ ያነሳል፤ ፌርሚ በሥርዓት ካስቀመጣቸው ደብተሮቹ ስለዚያ የጻፈውን ፈልጎ ከመነሻው ያስረዳል።

ሰው ያገኘውን መልስ እንዲሁ መቀበል አይወድም ነበር። አንድ ቀን ተማሪውን ሊ ጹንግ ዳኦን የፀሐይ እምብርት ምን ያህል እንደሚሞቅ ጠየቀው። ሊ ከመጽሐፍ ያየውን ቁጥር ነገረው። «ራስህ አስልተኸዋል?» የሚል ጥያቄ ተከተለ። አላሰላውም፤ ስሌቱ ለተራ መሣሪያ አስቸጋሪ ነበርና። ስለዚህ መምህርና ተማሪ ሆነው ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተንሸራታች የስሌት ማስመሪያ ከእንጨት ሠሩ። የኮምፒውተር ዘመን ተማሪ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ሊ ግን ስሌቱን ጨረሰ።

«የፌርሚ ጥያቄ» የሚባለውም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። የታወቀው ምሳሌ «በቺካጎ ስንት ፒያኖ ቃኚ አለ?» የሚለው ነው። ሕዝቡ 3 ሚሊዮን ቢሆን፣ በየቤቱ 4 ሰው ቢኖር 750,000 ቤት ይሆናል። ከአሥር ቤት በአንዱ ፒያኖ ካለ 75,000 ፒያኖ ነው፤ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ ይቃኛል እንበል። አንድ ሰው በቀን 4 እየቃኘ 250 ቀን ቢሠራ በዓመት 1,000 ይደርሳል፤ ስለዚህ 75 ያህል ቃኚ ያስፈልጋል። አንዱ ግምት ቢበዛ ሌላው ሊያንስ ስለሚችል ስሕተቶቹ በከፊል ይጣፋሉ፤ መልሱ 75,000 ወይም 2 አለመሆኑን ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ጃክ ስታይንበርገር ደግሞ የንድፈ ሐሳብ ሰው ለመሆን ነበር የመጣው። ለዶክትሬቱ የሚሆን ጥያቄ ስላጣ ፌርሚ ወደ ሙከራ መራው፦ በጠፈር ጨረር ውስጥ የሚገኘው ሙዮን የተባለ ቅንጣት ሲፈርስ የሚወጣውን ኤሌክትሮን እንዲለካ። በ1948 የኤሌክትሮኖቹ ኢነርጂ አንድ ወጥ ሳይሆን የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ፓውሊን ያስጨነቀው እንቆቅልሽ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ግን ከኤሌክትሮኑ ጋር አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት የማይታዩ ቅንጣቶች መኖር ነበረባቸው።

ፌርሚ በካንሰር ሲሞት 53 ዓመቱ ነበር፤ ኒውትሪኖን በሙከራ የያዘ ሰው ገና አልነበረም። ፍሬደሪክ ራይነስና ክላይድ ካዋን ያረጋገጡት በ1956 ነው። በዚያው ዓመት ሊ ከያንግ ቸን ኒንግ ጋር ሆኖ፣ ደካማው ኃይል ግራንና ቀኝን ይለይ ይሆናል የሚል ጥያቄ አቀረበ፤ እንደሚለይ በሙከራ ተረጋግጦ በ1957 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ስታይንበርገርም በ1962 ከሊዮን ሌደርማንና ከሜልቪን ሽዋርትዝ ጋር፣ ከሙዮን ጋር የሚወለደው ኒውትሪኖ ከኤሌክትሮን ጋር ከሚወለደው የተለየ መሆኑን አሳየ። ለዚህም ሦስቱ በ1988 ተሸለሙ።