ፔሊካኖቹን ማን ይቁጠር?

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን የተኙት ሻላና አብያታ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ይጠቃለሉ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ አሳ እምብዛም የሌለው ሐይቅ ነው። አብያታ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም ለረጅም ዘመን ቆሮሶ አሳ የሞላበት ነበር። ነጫጭ ፔሊካኖች ከሰውና ከአውሬ በራቁት የሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ፣ ፀሐይ ስትበረታ በሚነሣው ሞቃት አየር ተንሳፍፈው ለምግብ ወደ አብያታ ይሻገሩ ነበር። ወደ አብያታ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ አብያታ ሸሸ፣ ጨዋማነቱም ጨመረ። አሳው ሲጠፋ ፔሊካኖቹ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለውን ለውጥ በጊዜው የሚያሳየው በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚካሄድ ቆጠራ ነው። ለዚህም ነው ፓርኩ የወፍ ጉብኝትን ሲያስፋፋ ቆጥሮ መዝገብ የሚተው በጎ ፈቃደኛን ማስቀደም አለበት የምለው።

ያልሠለጠነ ሰው ቆጠራ ምን ያህል ይታመናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሺህ ወፎችን አንድ በአንድ የሚቆጥር የለም፤ ልምድ ያለውም ቢሆን መቶ ያህሉን ቆጥሮ፣ የያዙትን ቦታ በዐይኑ ለክቶ፣ በዚያ ልክ መንጋውን ይገምታል። ስሕተት መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች አንዱን መንጋ ለየብቻ ቆጥረው ቢያስተያዩ የስሕተቱ መጠን ይታወቃል፤ ቦታው፣ ወሩና ዘዴው ካልተቀያየረ ደግሞ የዓመታቱ አቅጣጫ ጎልቶ ይወጣል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ በጥር የሚደረገው፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ስደተኛ ወፎች በዚያ ወር በክረምት ማሳለፊያቸው ረግተው ስለሚገኙ ነው። ብዙ ዐይን በአንድ ሰሞን የሚያስፈልገው ይህ ሥራ ያለ በጎ ፈቃደኞች አይታሰብም።

መቆጠር ያለበት አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ትንሹ ፍላሚንጎ አሳ አይበላም፤ በሶዳማ ውሃ የሚራቡ ደቂቅ አልጌዎችን አጣርቶ ይመገባል። ዳርቻው በፍላሚንጎ ሮዝ ሲሆን ጎብኚው ሐይቁ ደኅና ነው ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ የፔሊካኖቹ መዝገብ ግን ሌላ ይነግረዋል።

ጎብኚ ራሱ ወፎቹን ይረብሻል የሚለው ሥጋት እውነት ነው። ፔሊካን መሬት ላይ ስለሚፈለፍል፣ ሰው ሲቀርበው ይነሣና እንቁላሉን ለፀሐይና ለነጣቂ ያጋልጣል። ስለዚህ በመፈልፈያ ወቅት ወደ ደሴቶቹ ጀልባ መድረስ የለበትም፤ ከዳርቻው በቴሌስኮፕ ማየት ይበቃል። የበለጠ የሚያሳስበኝ በጎ ፈቃደኛው የአካባቢውን ልጅ ሥራ እንዳይቀማ ነው። ለጥቂት ቀናት የሚመጣ እንግዳ ጥርን እንጂ ዓመቱን አይቆጥርም። የሚከፍለው ገንዘብ በየወሩ የሚቆጥሩ ስካውቶችንና የመንደር አስጎብኚዎችን ማሠልጠኛና ደመወዝ መሆን አለበት። በፓርኩ ውስጥ ግራር ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው ሰው ድኻ ነው፤ ከወፍ የሚገኝ ቋሚ ገቢ ሳያገኝ ዛፉን ተው ቢባል አልፈርድበትም።

ቱሪዝም የቡልቡላን ውሃ አይመልስም፤ ይህን የሚሉ ተቺዎች ልክ ናቸው። ውሃው በመስኖ፣ በፋብሪካና በሐይቁ መካከል እንዴት ይከፈል የሚለው የመንግሥት ውሳኔ ነው። በዚያ ውይይት ላይ ግን ገበሬው የምርቱን ኩንታል፣ ፋብሪካው የሶዳውን ቶን ይዞ ይቀርባል። በሐይቁ በኩል የሚቀርበው ቁጥር ወፎቹን በየጥሩ የቆጠሩ ሰዎች የያዙት ነው።