ግንቡና ገበታው፤ በጎንደር ከተማ ስለሚታየውና ስለሚበላው

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሰው ስለ ግንቦቹ የሚነግረው አያጣም፤ ስለ ምግቡ የሚነግረው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም ከነዘመናቸው ቈጥሮ ያሰናብተዋል፤ እንግዳውም ሲርበው ወደ ምግብ ቤት ይሄዳል፤ ሁለቱን ነገር የሚያገናኝለት የለም። የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ ግን ግንቡና ገበታው የአንድ ታሪክ ሁለት ወገኖች መሆናቸውን መግለጽ ነው።

አሳቡ ለደጎሎ፣ ለወረኢሉና ለመካነ ሰላም ሰው እንግዳ አይሆንም። በዚያ ደጋ፣ ይኸውም በጥንቱ የአማራ ምድር፣ ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት በድንኳን እየተዘዋወሩ ይኖሩ ነበር። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ከተመ ካለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ጥንት ትርጓሜው የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነው። ብዙ ሺህ ሕዝብ ያለበት ሰፈር ያካባቢውን እህልና ማገዶ ሲጨርስ ድንኳኑን ነቅሎ ይነሣል። ስለዚህ መንግሥቱን ከቦታ ወደ ቦታ ያንቀሳቅሰው ከነበረው ነገር አንዱ ምግብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱን የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነው። በእነዚህ አገሮች ዛሬ ጎብኚ የሚያየው የቤተ መንግሥት ፍራሽ ጥቂት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ሲቀመጡ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሡ ወደ እህሉ መሄዱ ቀርቶ እህሉ፣ ማሩና ከብቱ ወደ ንጉሡ ይመጣ ጀመር። በፋሲል ግቢ ውስጥ ሁሉም ቀድሞ የሚያየው የፋሲለደስን ባለ ግንብ ቤት ነው፤ ደግሞም ይገባዋል። ነገር ግን በእኛ አስተያየት ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቆዩበት የሚገባው የዐፄ በካፋ ረጅም የግብር አዳራሽ ነው። ግቢው ዐሥራ ሁለት በሮች ያሉት ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱ ተዝካሮ በር መባሉን ያስተውሏል፤ ለሙት መታሰቢያ የሚደረገው ድግስ ለበር ስም እስከ መሆን ደርሶ ነበር ማለት ነው።

በግብር ጊዜ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ፤ አጋፋሪው ሰውን እንደ ማዕርጉ ያስገባል፤ መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ተከታዮቹ ይቀመጣሉ፤ እንዲህ እየሆነ እስከ አሽከርና እስከ ድኃ ይደርሳል። የሥጋውም ብልት በማዕርግ የተመደበ ነው። የተቀመጠበትን ስፍራና የደረሰውን ብልት ያየ፣ የሰውየውን ሹመት ሳይጠይቅ ያውቃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ በመጽሐፉ ቢጽፍ፣ ያገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ፈጠራ ነው ብለው ሳቁበት። ዛሬ ማንም ሰው ከልኳንዳ ቤት ገብቶ በኪሎ አስመዝኖ፣ ቢላዋና አዋዜ ቀርቦለት ሊያየው የሚችል ነገር ነው። እርግጥ ብሩስ ሥጋው ከቁም ከብት ይቆረጣል ያለው ብዙ ክርክር ያስነሣ ቃል ነው።

ገበታው አንድ የሚያደርገውን ያህል ይለያይም ነበር። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የሰፈሩ አዋጅ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የእርድ ልዩነት ግን በልኳንዳ ቤት በር ላይ በመስቀልና በጨረቃ ምልክት እስከ ዛሬ ይነበባል። ወሎዬ በሠርግና በለቅሶ ጎረቤቱን ሲጠራ ለየሃይማኖቱ የየራሱን ከብት ያሳርዳል እንጂ አይለያይም። በጎንደርም ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ትሪ ለመብላት ቢፈልጉ በያይነቱ የጾም ምግብ ይገኝላቸዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን ዘርፈው አቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ከዚያም በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ብዙዎቹን ወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች መጥተው አቃጠሉ። ከተረፉት መካከል ሥዕሉ የታወቀው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገኛል።

በገንዘብ መብላት ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ተብሎ በየቤቱ ያድር ስለ ነበር፣ እንጀራ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ከዚህ ልማድ አስቀድመው የወጡት ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። በአዲስ አበባ በ1900 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ያሠሩት ይህን ልማድ ለመለወጥ ጭምር ነው። በጎንደር ግን ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቈዩበት ጊዜ ከግንቡ አጠገብ ፒያሳን ሠርተው የቡና ቤት ልማድ ተዉ። አሁን ከበካፋ አዳራሽ ወጥቶ ማኪያቶ እስኪጠጡ ድረስ ያለው መንገድ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው።

እንግዲህ ለሚሄድ ሰው የምንመክረው፣ ጧት ግቢውን አይቶ ምሳውን ፒያሳ እንዲበላ፣ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ጊዜ ከተረፈውም የፋሲለደስን መዋኛና የእቴጌ ምንትዋብን ቍስቋም እንዲያይ ነው። ሥጋ የሚወድ ሰው ረቡዕንና ዓርብን፣ ይልቁንም ዐቢይ ጾምን ይጠንቀቅ። በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ያየ እንደ ሆነ ቤቱ ጠላ ቤት ነው፤ ሳያፍር ይግባ።

ግንቦቹ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ እንጀራ የሚጋግሩትንና ጠጅ የሚጥሉትን ሴቶች ግን የሚመዘግባቸው የለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ እንግዳ ሲቀር አስቀድሞ ገበያው የተጎዳው የእነሱ ነው፤ ግንቡ ያለ እንግዳም ይቆማል፤ የተጣለ ጠጅ ግን ጠጪ ካጣ ይበላሻል።