ልጁ 13 ሲሞላው፦ ባር ሚትዝቫና የአያት አገር ጉዞ

እንደሚታወቀው ሕግ በዕድሜ ላይ መስመር ማስመር ይወዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለውን ወጣት አጥፊ ደግሞ በልዩ እርምጃ ያየዋል። የቤተሰብ ሕጋችንም 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በአሳዳሪና በሞግዚት ሥር ያኖረዋል። አይሁዶች የሃይማኖታቸውን መስመር ያሰመሩት በ13 ዓመት ላይ ነው። ይኸውም ባር ሚትዝቫ ይባላል።

“ባር” በአራማይክ ልጅ፣ “ሚትዝቫ” በዕብራይስጥ ትእዛዝ ማለት ነው። በግዕዝ ብንመልሰው “ወልደ ትእዛዝ” እንደማለት ይሆናል። ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የኦሪት ትእዛዛት ሁሉ በራሱ ላይ ይወድቃሉ፤ ለጸሎት ከሚያስፈልጉት አሥር ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ በሕዝብ ፊት ኦሪት ያነባል፤ ቴፊሊን የሚባሉትን፣ ጥቅስ የያዙ ትናንሽ የቆዳ ማኅደሮች በክንዱና በግንባሩ ላይ ማሰር ይጀምራል። በዕለቱ አባትየው የሚያደርሳት አጭር ምስጋና አለች። ፍሬ ነገሯ “የዚህን ልጅ ጥፋት ከእኔ ላይ ላነሳህልኝ አመሰግንሃለሁ” ማለት ነው። በሕግ ዓይን ሲታይ ነገሩ የኃላፊነት ርክክብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ልጁ በትእዛዝ ሥር የሚገባው በድግሱ ሳይሆን በዕድሜው ነው። ድግስ ባይደገስም፣ እንግዳ ባይጠራም 13 ዓመት ከሞላው ሞላው። ሥርዓተ በዓሉ የዳበረው በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ አይሁዶች ዘንድ ነው። ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ ባት ሚትዝቫ ትሆናለች። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ ለሴት ልጅ በምኩራብ ሲከበር የመጀመሪያ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1922 ኒውዮርክ ላይ ረቢ ሞርዴካይ ካፕላን ለልጃቸው ያደረጉት ነው።

በዓሉን ይዞ መሄድ

በአሜሪካ ባር ሚትዝቫ ከሠርግ የማይተናነስ ድግስ ሆኖ ኖሯል። አዳራሽ፣ ሙዚቃ፣ የስጦታ ፖስታ፣ ሁሉም አለ። በዚህ የተሰላቹ ብዙ ቤተሰቦች ገንዘቡን ለአውሮፕላን ትኬት አድርገው ልጁን አያቶቹ ወደሚሉት አገር ይወስዱታል። ሥጋታቸውም ግልጽ ነው። ልጁ ኒውጀርሲ ወይም ሎስ አንጀለስ ተወልዶ፣ እንደ ጎረቤቱ ልጅ አድጎ፣ ነገ የማን ልጅ መሆኑ ቢጠፋበትስ?

ዋናው መድረሻ ኢየሩሳሌም፣ የምዕራቡ ግንብ ነው። ከ1948 እስከ 1967 አካባቢው በዮርዳኖስ እጅ ስለነበር አይሁዶች ሊደርሱበት አይችሉም ነበር። ከሰኔ 1967 ጦርነት በኋላ ግን ባር ሚትዝቫን በግንቡ ሥር ማክበር ልማድ ሆነ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሄደ ሰው ከበሮና ቀንደ መለከት ሲሰማ፣ ልጆች በጥላ ሥር እየታጀቡ ሲገቡ ያያል። ሰኞና ሐሙስ የሆነበት ምክንያት አለው። ኦሪት በሕዝብ ፊት የሚነበበው ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሲሆን፣ በሰንበት ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሳትም መኪና መንዳትም በሥርዓቱ ክልክል ነው።

በግንቡ ዘንድ ወንድና ሴት በመከለያ ተለያይተው ይጸልያሉ። ስለዚህ ልጁን ወልዳ ያሳደገች እናት በልጇ ቀን ወንበር ላይ ቆማ በመከለያው አናት አሻግራ ታያለች። የእስራኤል መንግሥት በጥር 2016 ለጋራ ጸሎት የሚሆን ሥፍራ ለማደራጀት ወስኖ ነበር፤ በሰኔ 2017 ግን ውሳኔውን አገደው። ክርክሩም ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

ሌሎች ቤተሰቦች በሙት ባሕር አጠገብ ወዳለው ወደ ማሳዳ ተራራ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ73 ወይም 74 ሮማውያን የከበቧቸው 960 ያህል ሰዎች እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ ብሎ የጻፈው ጥንታዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ነው። የታሪክ ሊቃውንት በዝርዝሩ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። በ1963-65 በተደረገው ቁፋሮ ግን ጥንታዊ ምኩራብ ተገኝቷል፤ ዛሬ ልጆች እዚያ ኦሪት ያነባሉ። ወደ ፕራግ፣ ወደ ክራኮው፣ ወደ ቶሌዶ የሚሄዱም አሉ። እነዚህ ከተሞች ምኩራቡ ቀርቶ ምእመኑ የጠፋባቸው ወይም የተመናመነባቸው ስለሆኑ የልጁ ንባብ የሟቾች መታሰቢያም ይሆናል።

ከኢየሩሳሌም ወደ ጎንደር

እኛን የሚመለከተው ጉዞ ግን አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺሕ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆችና ልጆቻቸው ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል በልጃቸው የባር ሚትዝቫ ዘመን ቤተሰቡን ይዘው ወደ ጎንደር የሚመጡ አሉ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ባር ሚትዝቫ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ውስጥ ያልነበረ መሆኑ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ያነቡ ነበር። በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ፤ ሰንበትን አጥብቀው ያከብራሉ፤ የጸሎት ቤታቸውን “መስጊድ” ይሉታል፤ በስግድ ቀን ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዳሉ። ታልሙድ ግን አልደረሳቸውም። ስለሆነም የ13 ዓመት ክብረ በዓልንም ቴፊሊንንም አያቶች አያውቋቸውም። የልጅ ልጁ አያቱ ያላዩትን ወግ በእስራኤል ተምሮ፣ ያንኑ ወግ ይዞ ወደ አያቱ መንደር ይመጣል ማለት ነው።

ይህ ለቤተሰቡ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ሲሉ ወሰኑ፤ በ1975ም የመመለስ ሕጉ ለእነርሱ እንዲያገለግል ተደረገ። ይሁን እንጂ ከ1984-85ቱ የሙሴ ዘመቻ በኋላ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ከመጋባታችሁ በፊት በውኃ መጠመቅ አለባችሁ ስላሏቸው በ1985 በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በሱዳን በረሃና መጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጋ ወገኑን ለዚያች ከተማ ሲል የቀበረ ሕዝብ፣ ከደረሰ በኋላ አይሁድነትህን አረጋግጥ ተባለ። ቄሶቹም በአገራቸው የነበራቸውን ሥልጣን አጡ። ስግድ በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው በ2008 ነው።

ቤት ውስጥም ሌላ ርክክብ ነበር። ዕብራይስጥ ቶሎ የለመደው ልጅ በሐኪም ቤትና በመሥሪያ ቤት ለአባቱና ለአያቱ አስተርጓሚ ሆነ። ገና 13 ሳይሞላው የቤተሰቡ አፍ እርሱ ሆነ፤ በአገሩ ሽማግሌ ተብሎ ዳኝነት ይቀመጥ የነበረ ሰው ደግሞ ዝም አለ።

ወለቃ ወይም አምቦበር ሲደርሱ ይህ ይገለበጣል። አያት አፋቸው ይፈታል። መንገዱን፣ ወንዙን፣ የእገሌን አጥር በስም ይጠራሉ፤ ከቀድሞ ጎረቤት ጋር ጉልበት ለጉልበት ተሳስመው ስለሞቱት ይጠያየቃሉ። አሁን የሚያስተረጉመው ልጁ ነው። በእኔ እምነት የጉዞው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ልጁ በኢየሩሳሌም የሕጉን ሸክም ቢረከብ፣ በጎንደር የሚረከበው የአያቱን ክብር ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

የእኛ ድርሻ

ታዲያ እነዚህ እንግዶች ሲመጡ ምን ያገኛሉ? ወለቃ የሸክላ ምስሎች የሚሸጡባት የቱሪስት መንደር ሆናለች፤ ባለቤቶቹ ግን ከሄዱ ቆይተዋል። በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺሕ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወስድ፣ መቃብሩና መስጊዱ ያለ ጠባቂ ቀረ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት በዚያው ዓመት ነሐሴ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን አውጥታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የልጅን በዓል ይዞ ወደ ጎንደር መምጣት ለማንም ወላጅ ከባድ ውሳኔ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። አንድ መቃብር ቅርስ የሚሆነው የሟቹ ልጆች በአገር ውስጥ ስላሉ አይደለም። ቤተ እስራኤል በዚህ ምድር ለዘመናት የኖሩ፣ ያረሱ፣ የቀጠቀጡ፣ በጎንደር ግንባታም እጃቸው ያለበት ሕዝብ ናቸው። ስለዚህ መቃብራቸውን ማጠር፣ የጸሎት ሥፍራቸውን መመዝገብ፣ የሚያስታውሱ አዛውንት ጎረቤቶች ሳያልፉ ቃላቸውን መቅዳት የእኛ ሥራ ነው። ለዚህ የውጭ ዕርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊጀምረው ይችላል። አለበለዚያ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲመጡ በእጃቸው ጠቁመው “እዚህ ነበር” ከማለት በቀር የሚያሳዩት አይኖራቸውም።