በሁለት ገናዎች መካከል

ትምህርቱ፣ ብርዱና የቤት ኪራዩ እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ በዓላትና ስለ ንባብ ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እኔ ዘንድ ያገናኛቸው አንድ ውሸት ነው።

ለንደን በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪያችን ሁላችንንም በክብ አስቀምጠው ስማችንን፣ አገራችንንና የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያችንን እንድንናገር ጠየቁን። አንዱ እግር ኳስ አለ፣ አንዷ ዋና፣ ሌላው ኬክ መጋገር። ተራዬ ሲደርስ ሳላመነታ «ማንበብ» አልኩ። ደሴ ብሆን ኖሮ እውነት ነበር። አባቴ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ቤታችን ከሶፋ በፊት የገባው የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። በበዓል ቀን ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ፣ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነቡልን ነበር። እናቴ ጀበናውን እየጠበቀች፣ እኛ ፈንዲሻ እየቃምን እንሰማለን። ንባብን ያወቅሁት ከበዓል ጋር ነው።

ለንደን ግን ሌላ ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ ካፌ ውስጥ ሥራ። የማነበው ለአሳይመንት የሚያስፈልገኝን ብቻ ሆነ፤ እሱንም መግቢያውንና መደምደሚያውን አይቼ፣ መሀሉን ዘልዬ። በዚያው ዓመት የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደውና ማንበብ አቃታቸው። እሑድ ማታ ስደውል ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«አሁን ምን እያነበብሽ ነው?»

«አንድ ልብ ወለድ ይዣለሁ አባዬ።»

«የማን ድርሰት?»

«የአንድ እንግሊዛዊ ነው፤ እርስዎ አያውቁትም።»

ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ላስተማሩ ሰው ይህን ማለቴን አስቡት! እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔም ወሬ ቀየርኩ።

ለምን ሁለት ገና ሆነ?

እንዲህ እያልኩ ዲሴምበር 25 ደረሰ። ለአዲስ ገቢዎች ልንገራችሁ፤ በዚያ ቀን ለንደን ቀጥ ትላለች። የምድር ውስጥ ባቡር አይሄድም፣ አውቶቡስ የለም፣ ሱቁም ቤተ መጻሕፍቱም ዝግ ነው። ተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ የቀረነው ጥቂት የውጭ አገር ልጆች ነበርን። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ፣ እንግሊዞች ተርኪ ሲቆርሱ እኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ነን፤ ከሽሯችን ጋር። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲመጣ ደግሞ እነሱ የገና ዛፋቸውን አውጥተው ጥለው ወደ ሥራ ተመልሰዋል።

ይህ ልዩነት ከጥንት የነበረ ይመስለናል፤ አይደለም። እስከ 1752 እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ ለንደን ገናን ታከብር የነበረው እኛ በምናከብርበት ቀን ነው። ሁለታችንም በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ አንድ ቀን የሚጨምር ቆጠራ ነበረን። ያ ቆጠራ ዓመቱን ከፀሐዩ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ያስረዝመዋል። ደቂቃዎቹ ተጠራቅመው በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላሉ። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ቆጠራውን ሲያስተካክሉ፣ ከሮማ ጋር የተለያየችው እንግሊዝ አልቀበልም ብላ 170 ዓመት ቆየች። በመጨረሻ በ1752 የሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ነው ተባለ፤ 11 ቀን በአንድ ሌሊት ተዘለለ። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ቆጠራ 1800 እና 1900 ተጨማሪ ቀን ስላልነበራቸው ልዩነቱ 13 ቀን ደረሰ። 2100ም ያው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገናችን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ይውላል ማለት ነው። ይህ ከሰባትና ከስምንት ዓመቱ ልዩነት ጋር አይገናኝም፤ እሱ ዓመት መቁጠር ከየት ይጀመር የሚለው ጉዳይ ነው።

እንግዲህ በሁለቱ ገናዎች መካከል 13 ቀን አለ። ትምህርት ዝግ ነው፣ የእኛ በዓልም አልደረሰም። ማንም የማይፈልገን ጊዜ ነው።

በርበሬ በርበሬ የሚሸት መጽሐፍ

በዚያ ዝግ ቀን ሻንጣዬን ስፈታትሽ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር አባቴ ስወጣ የሰጡኝን «ፍቅር እስከ መቃብር» አገኘሁ። ከመጣሁ አልከፈትኩትም፤ ገጹ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በዚችው ለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ነበሩ፤ መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ለንደን ላይ ሥራ በዛብኝ ለምትል ተማሪ ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

ማንበብ ጀመርኩ። ሃያ ገጽ ለማንበብ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ዓይኔ መዝለል ለምዷል፤ ንዑስ ርዕስና ማጠቃለያ ይፈልጋል። ሐዲስ ደግሞ የሚዘለል ነገር አልጻፉም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ የደገምኩበት ቦታ ነበር። በጣም ደነገጥኩ። የማልጠቀምበት ነገር እንዳይዝግ ማን ይጠብቅልኛል?

አባቴ ዘንድ ደወልኩና ቀኑን ይዤ ቀለድኩ፤ «እንኳን አደረሰዎ ልበልዎት እንዴ?»

«እዚያ ገና ነው፤ እዚህ ግን ገና ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያውን «ገና» አጥብቃችሁ፣ ሁለተኛውን አላልታችሁ አንብቡት። አንደኛው በዓሉ ነው፤ ሁለተኛው «አልደረሰም» ማለት ነው። ፊደላችን ብዙ ነገር ይጽፋል፤ መጥበቅና መላላትን ግን አይጽፍም። «ዋና» ጠብቆ ትልቁ ጉዳይ ነው፣ ላልቶ ውሃ ውስጥ የምንሠራው ስፖርት። «አለ» ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው፣ ላልቶ ተናገረ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ግራና ቀኙ ነው። ለዚህ ነው አማርኛን እየዘለልኩ ሳነብ የምደናቀፈው፤ ግራና ቀኙን ካልያዝኩ ቃሉንም በትክክል አላነበውም።

ከሳቁ በኋላ እውነቱን ነገርኳቸው። «አባዬ፣ ያ ልብ ወለድ ውሸት ነበር። ምንም አልያዝኩም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አሁንስ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው የእኔ ዓይን አልሆነም፤ አንቺ አንብቢልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል በስልክ አነብላቸው ጀመር። ይህን መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ስለሰሙ፣ መጀመሪያ ላይ ከእሱ ጋር እያወዳደሩ አስጨነቁኝ። ላልቶ የሚነበበውን ሳጠብቅ ያርሙኛል፤ ሳዛጋ «ይብቃሽ፣ ነገ» ይሉኛል። በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ለቡና የመጡ ጎረቤቶች ስልኩን ከበው ሰሙ። በአራተኛው ቀን ዓይኔ መዝለሉን ትቷል። በገና ቀን መጽሐፉ አላለቀም ነበር፤ እኔ ግን ያንን የትውውቅ ቀን መልሴን በግማሽ እውነት አድርጌዋለሁ።

ትርፍ ጊዜ የሚባል ነገር አለ?

ከዚህ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለውን ቃል ስናስበው ንባብን ከሌላው ሁሉ የተረፈውን እየጠበቀ እንዲኖር ይፈርድበታል። ለንደን ላይ ደግሞ የሚተርፍ ጊዜ የለም፤ ቢኖርም ስልካችን ቀድሞ ይወስደዋል። አገራችን ውስጥ ገበሬው በሚካኤል ወይም በማርያም ዕለት የማያርሰው ሥራው ስላለቀለት አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለተሰጠ ነው። ንባብም እንዲሁ የራሱ ቀን ቢሰጠው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቀኖቹ ደግሞ አሉ። በእንግሊዝ በዓመት 8 ባንክ ሆሊዴይ አለ። ስሙ የመጣው በ1871 ከወጣው ሕግ ነው፤ ሕጉን ያቀረቡት ጆን ሉቦክ የፓርላማ አባልም የባንክ ባለቤትም ነበሩ፣ በእነዚያ ቀናት ባንኮች እንዲዘጉ ተደነገገ። ለእኛ አብዛኞቹ ቀናት ምንም አይነግሩንም፤ አጥቢያችን አያከብራቸውም፣ ቤተሰብ አይጠራንም። ስለዚህ እኔ ለመጽሐፍ ሰጠኋቸው። ከእኔ ጋር የምትኖረው የኮምቦልቻ ልጅ ሙስሊም ናት፤ ዒድ በፈረንጆቹ ቆጠራ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንዴ ፈተና ላይ ይወድቅባታል። እሷም ባንክ ሆሊዴዩን ከእኔ ጋር ታነባለች። አንዳችን አንድ ምዕራፍ፣ ሌላችን ቀጣዩን፤ ቡናው መካከል ላይ።

መጽሐፉ ከየት ይገኛል?

«የአማርኛ መጽሐፍ ከየት ላምጣ?» ለምትሉ፤ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በ1964 የወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አባልነቱም መጽሐፍ መዋሱም በነጻ ነው። ራስል አደባባይ አጠገብ ያለው የሶአስ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት አሉት፤ የሌላ ኮሌጅ ተማሪ ከሆናችሁ በዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት መግባት ትችሉ እንደሆነ የራሳችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

ሴንት ፓንክራስ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ የአንባቢ ካርድ የሚሰጠው በነጻ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት አሉ። መቅደላ የወሎ ናት። አባቴ ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው «እነሱ እዚያ ናቸው፤ አንቺም እዚያ ነሽ። ግዕዙን እንኳ ባታውቂ ፊደሉን ሂጂና አንብቢ» አሉኝ። ይህን ሳላደርግ እንዳልመረቅ ቃል ገብቻለሁ።

ለመጨረስ ያህል፣ ከእኛ በፊት ለንደን የተማረ አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። መንግሥቱ ለማ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተምሮ አገሩ ከገባ በኋላ ከጻፋቸው ተውኔቶችና ግጥሞች ሌላ፣ አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የነገሩትን ትዝታ ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳትሞልናል። እሱ አባቱን አዳመጠ፤ እኔ ለአባቴ አነባለሁ። እናንተም የምታነቡለት ሰው አታጡም፤ አያት፣ ታናሽ እኅት፣ ወይም እዚህ ተወልዶ አማርኛ የሚሰማ እንጂ ፊደል የማያውቅ የአክስት ልጅ።

አባቴ አሁን የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቁ ነው። ባለፈው እሑድ «እንግዲህ ዓይኔ ሲድን ራሴ ስለማነብ፣ ሥራሽን ልትለቂ ነው፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጨረስነው እንዴ?» አሉኝ።

«ገና ነው አባዬ» አልኳቸው፤ አላልቼ።

መልካም በዓል፣ መልካም ንባብ ይሁንላችሁ!